ሁለት እርምጃ

«ከእሳቱ ሁለት እርምጃ» ብሎ ደገመላት፣ አሸዋ የሞላውን ባልዲ በጫማው ጫፍ ገፋ እያደረገ። «ሦስት ከሆነ አትደርሺም፤ አንድ ከሆነ ትቃጠያለሽ። ባልዲ ያዥ የመጨረሻው ፍም እስኪጠፋ ቦታውን አይለቅም። ገባሽ እትዬ?»

«ገብቶኛል ልጄ። ስልጠናው ላይም ብለኸን የለ» አለች የፋብሪካው የጽዳት ሠራተኛ።

እውነቷን ነው። ከቀለም ፋብሪካው ስልሳ ሠራተኞች መካከል በዚያ ስልጠና ላይ ያልተኛችው እሷ ብቻ ነበረች።

እሱ የፋብሪካው የአደጋ መከላከል ሠራተኛ ነው። ስሙን የሚያውቀው ደመወዝ ክፍል ብቻ ሲሆን ለሌላው ሰው ሁሉ «ባልዲ» ነው። መጋዘኑ በር ላይ ባልዲ፣ ጄኔሬተሩ ሥር ባልዲ። ሒሳብ ሹሟ የልደት ሻማዋን ስታጠፋ እንኳ ከኬኩ አጠገብ ባልዲ አቁሟል።

ኮንትራቱ ሰኞ ያልቃል። ሥራ አስኪያጁ ሐሙስ ዕለት ኮሪደር ላይ ትከሻውን ይዘው፣ ቅዳሜ ቤታቸው ለሠራተኛው ካምፕ ፋየር እንዳለ፣ እሳቱን እሱ እንዲያሰናዳ፣ የቋሚነት ደብዳቤውንም ሰኞ እንደሚያዩለት በአንድ ትንፋሽ ነገሩት። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ትንፋሽ ለምን እንደተነገሩ ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልግም፤ እሱ ግን ዲግሪም አለው። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሚስቱ ጠዋት ኮሌታውን እያስተካከለች፣ «ዛሬ ብቻ ‹አይቻልም› የምትላትን ቃል ቤት ትተሃት ሂድ» ብላዋለች።

ቃሏን ቤት ትቷት መጣ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ሣሩን በአካፋ ገፎ አፈሩን አወጣ። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እያገላበጠ እርጥብ የሆነውን ጣለ፤ እርጥብ ድንጋይ ሲግል ይፈነዳል። ከአጥሩም ከዛፉም ስምንት ስምንት እርምጃ ለካ። መሐል ላይ ጭራሮ፣ በላዩ ቀጫጭን ፍልጥ፣ አየር እንዲገባው ሰብሰብ ያለ ጎጆ አስመስሎ አቆመ። የነፋሱን አቅጣጫ ለማወቅ እንጨት ላይ ሶፍት አሰረ።

የሥራ አስኪያጁ ባለቤት ከበረንዳው ወርደው፣ እሳቱ አምፖል የተንጠለጠለበት ዛፍ ሥር እንዲሆን ፈለጉ፤ ለፎቶ ያምራል። «አይቻልም» ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰች። ዋጣትና፣ ዛፉ ሊደርቅ እንደሚችል ብቻ በትህትና ጠቆመ። ለዛፉ አዘኑና ተስማሙ። ባልዲው ግን ፎቶ ያበላሻል አሉ። በእሳቱ በወዲያኛው በኩል፣ ጭሱ በሚሄድበት ይሁን ተባለ። ሄደ። ባልዲው ሲሄድ ጽዳቷም አብራው ሄደች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንግዶቹ ወንበራቸውን ይዘው ተቀመጡ። እሳቱን በአንድ ክብሪት ለኮሰው። ያጨበጨበችለት ጽዳቷ ብቻ ነበረች፤ እሷም ሰው ሲያያት እጇን ሰበሰበች።

የሽያጭ ኃላፊው ለእሳቱ ፈቃድ ወጥቶለት እንደሆነ ጠየቀው። ቀጥሎም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ቆይ ግን፣ ሚስትህ ያረገዘችው ያን ቀን ባልዲው የት ሄዶ ነው?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ፤ ትንሽ ዘግይቶ።

እሳቱ መሆን እንዳለበት ትንሽ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን ቅር አላቸው።

«ይሄ እሳት ነው ወይስ ሲጋራ?» አሉና ለሹፌራቸው አገጫቸውን ወደ ፒካፑ ቀሰሩ። ሹፌሩ ከፋብሪካው የመጣ የቀለም ማቅጠኛ ቲነር ጀሪካን ይዞ ተመለሰ።

ቲነር ከእሳት ጋር አንድ ግቢ ውስጥ እንዳይገኝ የሚከለክለውን ማስታወቂያ በገዛ እጁ ጽፎ መጋዘን በር ላይ የለጠፈው እሱ ነው። የጀሪካኑ ክዳን ሲከፈት ሽታው አፍንጫው ውስጥ ገባ። አፉን ከፈተ። ሰኞን አሰበ። ከአፉ የወጣው ሌላ ነገር ሆነ።

«ጋሼ፣ ነፋሱ ከጀርባዎ ቢሆን ይሻላል። በዚህ በኩል ይምጡ።»

ክርናቸውን ይዞ ወደ ወንበሮቹ በኩል አዞራቸው። በሙያው እንከን የማይወጣለት ምክር ነበር። ከእሳቱ ማዶ፣ በሁለት እርምጃ ርቀት፣ ጽዳቷ ጭሱ ዓይኗን እያስነባት ባልዲዋን ይዛ ቆማለች።

«እትዬ፣ ዞር በይ» ማለት ሦስት ቃል ነው። አላለም። እሷን ዞር በይ ማለት ጋሼ የሚያደርጉት ነገር አደገኛ ነው ማለት ይሆንበታል።

ሥራ አስኪያጁ ደፉት።

የመጀመሪያው ጩኸት የደስታ ነበር፤ ስልኮች ሁሉ ተነሡ። ሁለተኛው የእሷ ነበር። ነበልባሉ ከነፋሱ ጋር ወደ ማዶ ተጋድሞ ቀሚሷን ያዘ። እሷ ግን በስልጠናው እንደተባለችው መጀመሪያ አሸዋዋን እሳቱ ላይ ደፋች፤ ወደ ራሷ ያየችው ከዚያ በኋላ ነው። እሱ ሮጦ ደርሶ ኮቱን አውልቆ ጠቀለላት፤ በአትክልት ማጠጫው ጎማ ውሃ አፈሰሰባት። እግሯ እስከ ጉልበቷ፣ እጇ እስከ ክርኗ ተልጦ ነበር።

ሹፌሩ ደግፎ ፒካፑ ላይ ሲያወጣት ዓይኗ እሱን ፈለገ።

«ልጄ፣ ቦታዬን አልለቀቅኩም እኮ» አለችው፣ ማርክ እንደሚጠብቅ ተማሪ።

እንግዶቹ፣ ምግቡም እዚያ ስለሆነ፣ ወደ ሳሎን ገቡ። ሥራ አስኪያጁ እሱን በረንዳው ላይ አስቀሩት። እጃቸው ላይ ከመኪናቸው ያወጡት የአደጋ ሪፖርት ፎርም ነበር። ፎርሙን ያዘጋጀው እሱ ነው፤ አሥራ አራት መስመር አለው፤ አንዱም ባዶ መተው የለበትም ብሎ ፋብሪካውን ያስጨነቀውም እሱ ነው።

«‹የአደጋው ምክንያት› ትላለች ይቺ» አሉ በጣታቸው እየነኩ። «ምን እንበል?»

«ጋሼ፣ ቲነሩ...»

«ነፋሱን ያሳየኝ ማን ነበር?» ድምፃቸው የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። «እኔ ስለ ነፋስ ምን አውቃለሁ? ባለሙያው ወዲህ ና አለኝ፣ መጣሁ። የቲነር ነገር ከተነሣ እንግዲህ ሁለታችንም አለንበት። ልዩነቱ፣ የእኔ ኮንትራት ሰኞ አያልቅም።»

ፎርሙን ወደ እሱ አዞሩት።

«ተጠግታ ነበር አይደል? ሴትየዋ።»

«ሁለት እርምጃ ላይ ነበረች።»

«አንድ አትመስልም ነበር?»

አሥራ አንደኛው መስመር ምን እንደሚል ያውቃል። ሠራተኛው መመሪያ ጥሶ ከተጎዳ ሕክምናውን ፋብሪካው አይሸፍንም፤ ይህንንም ራሱ ነው የጻፈው፣ ሰዎች ይጠነቀቃሉ ብሎ። ከሳሎን የሽያጭ ኃላፊው ሳቅ ተሰማ። እስክሪብቶውን ተቀበለ። በዚያ በታወቀ ንጹሕ የእጅ ጽሑፉ «በመመሪያው ከተወሰነው ርቀት አልፋ በመጠጋቷ» ብሎ ሞላ። አንዲትም መስመር ባዶ አልቀረችም።

ሥራ አስኪያጁ አነበቡና ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። «ፎቶ አያይዝበት። ሳይመሽ።» ወደ ሳሎን ገቡ።

ግቢው ውስጥ ማንም አልነበረም። ፍሙን በውሃ አጠፋ፣ አመዱን አማሰለ፣ መብረዱን በእጁ ጀርባ አረጋገጠ። ባልዲው ከወደቀበት ሆኖ ይጠብቀዋል። ከድንጋዮቹ ጀምሮ እስከ ባልዲው በእርምጃ ለካ፤ አንድ፣ ሁለት። ልክ ነበር።

ስልኩን አውጥቶ አነጣጠረ። ዝቅ አደረገው። ባልዲውን አንስቶ አንድ እርምጃ ወደ እሳቱ አስጠግቶ አቆመው። እንደገና በስልኩ ሲያይ፣ የጽዳቷ አንድ እግር ነጠላ ጫማ እዚያው ሁለት እርምጃው ላይ ቀርታለች፤ ጎማዋ ቀልጦ ሣሩ ላይ ተጣብቋል።

ተመልሶ በሁለት ጣቱ አላቀቃት። ከባልዲው ጎን አስቀመጣት። ተነሥቶ አያት፤ የጫማዋ ጫፍ ወደ አጥሩ ዞሯል። ጎንበስ አለና ወደ እሳቱ አዞራት።

ከዚያ ፎቶውን አነሣ።