ባዶ ተብሎ የተቀነሰው

በመሥሪያ ቤቷ «ቀናሿ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ቀልደኞች ቢሆኑም ቀልዱ ከሥራዋ አልራቀም። ከቴሌስኮፑ የሚመጣ የሩቅ ጋላክሲ ምስል ሁሉ የሰማዩ የራሱ ብርሃን እንደ ስስ ጭጋግ ለብሶት ይመጣል። ያንን ጭጋግ ለክቶ መቀነስ የእሷ ድርሻ ነው፤ እሷ ቀንሳ ስታበቃ የቀረው እውነት ነው ተብሎ ይታመናል። በአሥራ አንድ ዓመት አንድም ቀን ተሳስታ ስለማታውቅ፣ ከእሷ እጅ የወጣን ቁጥር መልሶ የሚያጣራ አልነበረም።

እናቷ ካረፉ ሃያ ሦስት ቀን ሆኗል። ቀናሿ በአራተኛው ቀን ሥራ ገባች። ሲያቀርቡላት ትበላለች፣ ሲያወሯት ትመልሳለች፣ ሲመሽ ትተኛለች። አላለቀሰችም። የጥርስ ሐኪም ማደንዘዣ የወጋው ድድ ማለት እሷ ነበረች፤ በምላስ ሲነካ መኖሩ ይታወቃል፣ የማን እንደሆነ ግን አይታወቅም።

ያን ዕለት ጠዋት ፕሮፌሰሩ በሩን ሳያንኳኩ ገቡ። በዓመቱ መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። ለአሥራ ሁለት ዓመታት ሰሚ ቢያጡም አንድ ነገር ከመናገር አልቦዘኑም፦ ዓለም ገና ጨቅላ ሳለች ከዋክብትን በገፍ ይወልዱ በነበሩት ጋላክሲዎች ዙሪያ ሰፊ የሃይድሮጂን ጋዝ አለ፤ ለከዋክብቱ መሥሪያ የሚሆነው እሱ ነው፤ ደብዘዝ ብሎም ያበራል። የአንዱ ጋላክሲ ጋዝ ብቻውን የማይታይ ቢሆን እንኳ፣ የአርባ አንድ ጋላክሲዎችን ምስል ቢደራርቡት ብቅ ይላል ብለው ነበር። የመጨረሻው ሪፖርት የቴሌስኮፕ ሌሊቶችን ለሚያድለው ኮሚቴ የሚላከው ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ጋዙ ከሌለ ፍለጋው ይዘጋል፤ የሽማግሌው አሥራ ሁለት ዓመትም አብሮ ይዘጋል።

«እህ፣ ልጄ? ተገኘ?»

«ዜሮ ነው፣ ፕሮፌሰር።»

«ዜሮ ስትይ፣ ትንሽ ማለትሽ ነው ወይስ ጭራሽ የለም?»

«የለም።»

ፕሮፌሰሩ ወንበር ስበው ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ሌላ ሰው ቢለኝ አንገት ለአንገት እንተናነቅ ነበር» አሉ። «አንቺ ካልሽ ግን የለም ማለት ነው። እንግዲህ እስከ አሥር ሰዓት የተሸናፊ ፊት ስለማመድ ልዋል። ከእኔ ፊት ጋር ብዙም አይከብድም።»

ሊያስቋት እንደሞከሩ ገባት። ልታዝንላቸው እንደሚገባም ታውቃለች፤ ኀዘኑን በልቧ ጓዳ ሁሉ ፈለገችው፣ አጣችው። ሲወጡ ዓይኗ ኮምፒውተሯ ላይ ወዳለው ግራፍ ተመለሰ፤ ከጋላክሲዎቹ መሐል እየተራቀ ሲኬድ የሚቀረውን ብርሃን የሚያሳይ መስመር ነው። መስመሩ ከመሐል ጀምሮ ዜሮ ላይ ተኝቶ ይሄድና ጠርዙ ላይ ሲደርስ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከባዶ የባሰ ባዶ የለምና ነገሩ ግራ ነበር። ከሦስት ወር በፊት «የካሜራው ጠርዝ ችግር» ብላ በግርጌ ማስታወሻ አልፋው ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ታናሽ ወንድሟ ደወለ። ሙያው ቀለም መቀባት ነው፤ እናታቸው ተከራይተው የኖሩበትን ክፍል ለአከራይዋ ሊያስረክብ እያሰናዳው ነበር።

«እትዬ፣ ማታ ቁልፍ እመልሳለሁ። የምትወስጅው ካለ ዛሬ ነይ፤ ነገ ብትይ የሰው ቤት ነው።»

በእግሯ ሄደች። አልጋው ወጥቷል፤ የብረት እግሮቹ የወለሉን ላስቲክ አራት ቦታ አሰርጉደውታል። ወንድሟ ብሩሹን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ግድግዳው ላይ አፍጥጧል።

«እንኳን መጣሽ። እስቲ እዚህ ቁሚና እዪው። ምን ይታይሻል?»

«ግድግዳ።»

«አቤት የሰማይ ተመልካች! ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዘመን የተማርሽው? ደህና አድርገሽ እዪው እንጂ!»

አየችው። አልጋው በነበረበት በኩል ቀለሙ ወጥ ነው። ወደ መስኮቱ ሲሄድ ግን ግድግዳው ፈዞ፣ እንደታጠበ ልብስ ነጣ ብሏል።

«በመስኮቱ በኩል ነጥቷል።»

«አልነጣም! የነጣ ያስመሰልኩት እኔው ነኝ። ሃያ ዓመት ቀብቼ ቀብቼ እንደ ትናንት ጀማሪ ተሞኘሁ» አለና ብሩሹን ባልዲው ላይ አጋደመው። «አከራይዋ እማዬ ዘጠኝ ዓመት ተደግፋ ያጠቆረችውን ብቻ ሸፍንልኝ አለችኝ። ቀለም ቤቱ ያንኑ ዓይነት እንዲበጠብጥልኝ ከንጹሑ ግድግዳ ቁራጭ ልጬ ወሰድኩ፤ ከጥቁረቱ አንድ ክንድ ርቄ። ንጹሕ መስሎኝ! ለካ እማዬ እዚያም ደርሳለች። እጇ፣ የፀጉር ቅባቷ፣ የመድኃኒቷ እንፋሎት… እሷን ግድግዳ ነው ብዬ አስበጠበጥኩ።»

ሳቀ። ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረበትና ዓይኑን በክርኑ ጠረገ፤ ቀለም ግንባሩ ላይ ቀረ።

እሷ ግን «ምን ያህል መራቅ ነበረብህ?» አለችው።

«እስከ መስኮቱ ነዋ! ንጹሕ የፈለገ ሰው ከእድፉ ጎን አይፈልግም። ቅርብ ስለሆነ ይመሳሰላል ብዬ ሰነፍኩ።»

ቀናሿ ቦርሳዋን አነሣች።

«ወዴት? ምንም ሳትወስጂ?»

«ሥራ።»

«ሥራ! የራስሽ አሮብሽ የሰው ታማስያለሽ፣ እትዬ።»

ወጣች።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ጠረጴዛዋ ጋ ነበረች። ባዶውን ሰማይ የምትለካው በእያንዳንዱ ጋላክሲ ዙሪያ ከምታሰምረው ቀለበት ውስጥ ነው። ቀለበቱን አስጠግታ ያሰመረችው ቅርብ ያለ ሰማይ ይመሳሰላል በሚል ነበር፤ ደንቡን ለሌሎች ያስተማረችው ራሷ ናት። ጋዙ ቀለበቱን አልፎ የሚዘረጋ ከሆነ ግን፣ ጋዙን ሰማይ ብላ ለክታ፣ ጋዙን ከጋዝ ቀንሳለች። ውጤቱ ዜሮ ባይሆን ነበር የሚገርመው። ከጋዙ ማዶ፣ እውነተኛው ባዶ ዘንድ፣ መስመሩ ከዜሮ በታች የወረደውም ከባዶ ላይ ጋዝ ስለተቀነሰ ነው፤ ካሜራው በከንቱ ታምቷል።

ቀለበቱን አራት እጥፍ አራቀችው። ኮምፒውተሩ ሲያሰላ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ መስመሩ ተነሣ፤ ዝቅ ያለ፣ ሰፊ ጉብታ፣ ከታሰበው ሦስት እጥፍ ርቆ ቀስ እያለ ወርዶ ዜሮ ላይ የሚያርፍ። በዚህ አላበቃችም፤ ጋላክሲ በሌለባቸው፣ በዕጣ በተመረጡ አርባ አንድ የሰማይ ቦታዎችም ላይ ያንኑ ደገመች። እዚያ ምንም አልተነሣም፤ ጉብታው የጋዙ ነው።

ለአሥር ሰዓት ሩብ ሲቀረው የፕሮፌሰሩን በር አንኳኳች።

«ተሳስቻለሁ። ጋዙ አለ። ሰማይ መስሎኝ የቀነስኩት እኔ ነኝ።»

ወረቀቱን ተቀብለው ጉብታውን በጣታቸው ተከተሉት። «አሥራ ሁለት ዓመት ስጮህ» አሉ በመጨረሻ፣ «ሦስቱን ዓመት አጠገቤ ተቀምጠሽ ስትቀንሽኝ ነበር?»

«አዎ። ያሳተምናቸው ሁለቱ ጽሑፎችም መታረም አለባቸው። ስሕተቱ የእኔ መሆኑን እጽፋለሁ።»

«ስምሽ ይጎዳል እኮ፣ ልጄ።»

«ይጎዳ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው አለቀሱ፤ ሳያፍሩ፣ እንደ ልጅ። እሷ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ጠበቀቻቸው፤ ከዚያም ሪፖርቱን አብረው አሻሽለው፣ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ላኩት። ኮሚቴው በሳምንቱ ከጠየቋቸው አሥር ሌሊቶች አራቱን ሰጣቸው፤ «ለማጣራት ያህል» ይላል ደብዳቤው። ፕሮፌሰሩ ፍሬም አስገብተው ግድግዳቸው ላይ ሰቀሉት።

ሪፖርቱ በተላከበት በዚያው ቀን ማታ ግን፣ ከቢሮው ደረጃ ላይ ሆና ለወንድሟ ደወለች።

«ግድግዳውስ?»

«ሙሉውን በአዲስ ቀባሁት። ምን ላድርግ? ቁልፉንም አስረከብኩ።»

«ያ የላጥከው ቁራጭስ?»

«ኪሴ ውስጥ ይሆናል… አዎ፣ አለ። ልጣለው?»

«አትጣለው።»

«ምን ያደርግልሻል፣ እትዬ?»

«እማዬ አለችበት» አለችው። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እንባ አልመጣም። ስልኩን ግን አልዘጋችውም፤ እሱም አልዘጋውም።