አያ ፈንታው ግራፊክስ ካርድ ሲገዙ

ማርታ ፈንታው ቆቦ መናኸሪያ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ የሰርግ ቪዲዮ ታቀናብራለች። ካሜራው ጥሩ ነው፣ እጇ ጥሩ ነው፣ ዓይኗማ አይወራ። ችግሩ ኮምፒውተሩ ነው። ደሴ ያለ አንድ ቢሮ አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ የገዛችው ዴስክቶፕ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ደብዳቤ ሲጻፍበት የኖረ፣ ለደብዳቤም የተሠራ። ግራፊክስ ካርድ የሚሉት፣ የምስሉን ከባድ ሥራ የሚሸከመው ዕቃ፣ ጭራሽ የለውም። በዚህ የተነሳ አንድ ሰርግ ተቀናብሮ አልቆ ፍላሽ ላይ የሚገለበጥ ቪዲዮ እስኪሆን ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል። መብራት ሳይሄድ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ የዋለበትን ቀን የሚያስታውስ የሰፈሯ ሰው ካለ እስቲ ይምጣና ይንገረን። ስምንት ሰዓት ሠርቶ፣ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ድርግም ይላል። በቃ፣ እንደገና ከዜሮ ነው።

እንዲህ እያለ በጥር ብቻ ሁለት ሙሽሮች “ወልድያ እናሠራዋለን” ብለው ጥለዋት ሄዱ። የቀረቻት አንዲት የጎብዬ ሰርግ ናት። የሙሽራው እናት ወይዘሮ ብዙነሽ ቪዲዮውን ለእሁድ ይፈልጉታል፤ ከወደዱት የሁለተኛ ልጃቸውንም የእህታቸውን ልጅም ሰርግ ለሷ ሊሰጡ ነው። ካልደረሰ ግን ማርታ ሱቋን ትዘጋለች። ይህን ያለችው ራሷ ናት፣ ማንም አላስገደዳትም። ከአባቷ ቤት ከሮቢት ስትወጣ ለአባቷ “እስከ ፋሲካ ልሞክር፣ ካልሆነልኝ ተመልሼ እመጣለሁ” ብላ ቃል ገብታለች።

አባቷ አያ ፈንታው እናቷ ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ድሮ በሬ ነጋዴ ነበሩ፣ አሁን በመስኖ ሽንኩርት ያለማሉ። ልጃቸውን አንድም ቀን “ነይ” ብለዋት አያውቁም። ስልክ ይደውሉና “ዛሬ ወጥ ሠርቼ ጨው በዛብኝ” ይላሉ፣ ከዚያ ይዘጋሉ። ማርታ ይህን በሰማች ቁጥር ሆዷ ይባባል። “ነይ” ቢሏት እኮ ትከራከር ነበር፤ በጨው ግን ማን ይከራከራል?

እናላችሁ፣ ሐሙስ ጠዋት ማርታ ያጠራቀመችውን ብር ይዛ ከሱቋ ልትወጣ ስትል አያ ፈንታው የሽንኩርት መድኃኒት ሊገዙ ቆቦ መጥተው በሯ ላይ ደረሱ።

“ወዴት ነው በጠዋቱ?”

“የኮምፒውተር ዕቃ ልገዛ ነው፣ አባዬ።”

“እንግዲያው አብረን እንሂድ። ሻጭ ብቻሽን ሲያይሽ ይጫወትብሻል።”

ማርታ ደስ አላላትም። ብትሳሳት የሚያያት ሰው አልፈለገችም፤ በተለይ እሳቸው። ግን አባትን ከበር እንዴት ይመልሱታል? አብረው ሄዱ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማርታ ገበያ የተማረችው ከኚሁ አባቷ ነው። በልጅነቷ ከብት ተራ ይዘዋት ሲሄዱ አጥብቀው የሚያስተምሯት አንድ ነገር ነበር፦ ችግርሽን ለሻጭ አትንገሪ። ገበሬ ሆኖ “በሬዬ ሞቶብኝ ነው፣ ዝናቡም ደርሶብኛል” ያለ ሰው አለቀለት፤ ዋጋው ዓይኑ እያየ ይወጣል። ስለዚህ በዚያ ገበያ ደህና ገዢ ማለት ለሌላ ጉዳይ ሲያልፍ ድንገት በሬው መንገድ የዘጋበት የሚመስል ሰው ነው። አያ ፈንታው በዚህ ወደር አልነበራቸውም። አንድ ጊዜማ የገዙትን በሬ እየነዱ ሲሄዱ እንኳ ሻጩ ሰውየው በሬ ይፈልጉ እንደነበር አልገባውም ይባላል።

ሊገዙበት የሄዱት የሙሀመድሰይድ ሱቅ አስፋልቱ ዳር ነው። ያገለገሉ የኮምፒውተር ዕቃዎች ከአዲስ አበባ እያመጣ ይሸጣል፤ ጨዋ ልጅ ነው። አያ ፈንታውን ሲያይ ከመቀመጫው ተነስቶ በርጩማ አቀረበላቸው። ማርታ መደርደሪያውን አለፍ አለፍ እያለች ቃኘች።

“ግራፊክስ ካርድ የሚባል ነገር አለህ አሉ?”

“አለ። ለምን ሥራ ነው የምትፈልጊው?”

“እንዲሁ፣ ልየው ብዬ ነው።”

“ለጌም ነው ለቪዲዮ?”

“ምን ያደርግልሃል? ያለህን አሳየኝ።”

“እሺ፣ ኮምፒውተርሽስ? ፓወሩ ስንት ዋት ነው?” ፓወር የሚለው ውስጥ ያለውን፣ መብራት ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ የሚያከፋፍለውን ሳጥን ነው።

“ኮምፒውተር ነዋ፣ እንደማንኛውም።”

አያ ፈንታው ከበርጩማቸው ላይ ሆነው ጢማቸውን ዳሰሱ። ኮርተውባታል፤ ልጅቷ ትምህርቷን አልረሳችም። ማርታ ግን ጠይቃ ብታውቅ ደስ ባላት። ስለ ካርድ የምታውቀው ስልኳ ላይ ያየችውን ያህል ነው፤ እሱም እርስ በርሱ የሚጣላ ነበር።

ሙሀመድሰይድ ግራ ቢገባው ከላይኛው መደርደሪያ ጡብ የሚያህል ካርድ አወረደ። ሁለት ማራገቢያ አለው፣ ጎኑ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። “ስምንት ጂቢ ነው። ወላሂ ከዚህ የሚበልጥ የለኝም።”

ከጎኑ መዳፍ የማትሞላ ሌላ ካርድ ነበረች። “ይቺስ?” አለች ማርታ።

“እሷ አራት ጂቢ ናት። ዋጋዋ የዚህን ግማሽ አይሞላም፣ ላንቺ አትሆንም።”

ማርታ ፊቷን ከትንሿ አዞረች። የትልቁን ግማሽ የማታወጣ ካርድ እንዴት አድርጋ ለእሁድ ታደርሰኛለች? አለች በልቧ። ከዚያ ክርክር ተጀመረ። እሷ ልትወጣ ስትል እሱ እየጠራት፣ እሱ ካርዱን ሊመልስ ሲል እሷ ቆም እያለች፣ በመጨረሻ ልክ በያዘችው ብር ተስማሙ። አንዲት ሳንቲም አይተርፋትም።

“አንድ ነገር ግን ልንገርሽ” አለ ሙሀመድሰይድ። “ይህን ከወሰድሽ መመለስ የለም። በኋላ እንዳንቀያየም።”

“ገባኝ” አለች።  ቦርሳዋን ከፍታ ብሩን አወጣች፣ ጣቶቿም አልታዘዝ ብለው ተንቀጠቀጡ። አያ ፈንታው ይህን አይተው ከበርጩማቸው ተነሱ።

“ቆይ፣ ልጄ” አሉት ሙሀመድሰይድን። “ይሄ ትልቁ ስንት መብራት ይበላል?”

“ብቻውን ሁለት መቶ ዋት ገደማ።”

“ያቺ ትንሿስ?”

“እሷማ ሰባ አምስት አትሞላም።”

አያ ፈንታው ሁለቱን ካርዶች በዓይናቸው መዘኑ። ከዚያ በሃያ ዓመት ንግዳቸው ያላደረጉትን አደረጉ።

“እንግዲህ ስማኝ። ይቺ ልጄ ናት። የሰርግ ቪዲዮ ነው የምትሠራው። ኮምፒውተሯ የቢሮ አሮጌ ነው፣ ስፋቱ ይህን ያህል ነው” ብለው በእጃቸው ለኩለት። “አንዱን ሥራ ለመጨረስ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጅባታል፣ በመሀል መብራት ይሄድባታል። ሁለት ሰርግ አምልጧታል። አሁን ለእሁድ የምታደርሰው አለ፤ ካላደረሰች ሱቋን ልትዘጋ ነው። ያላት ብር ይኸው እጇ ላይ ያለው ነው። ሌላ የላትም፣ እኔም የለኝም። ለዚህ የሚሆነው የትኛው ነው?”

ማርታ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ገመናዋ ሁሉ ሱቅ መሀል ተዘረገፈ፣ ያውም በአባቷ አፍ። አሁን ዋጋውን ሰማይ ያደርሰዋል ብላ ጠበቀች።

ሙሀመድሰይድ ትልቁን ካርድ ወደ መደርደሪያው መለሰው። “ምነው እህቴ፣ ይህን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ለጌም መስሎኝ እኮ ነው። ይሄ አንቺ ኮምፒውተር ውስጥ አይገባም፣ ቢገባም ፓወሩ አይችለውም። ካርዱን ተሸክመሽ ቁጭ ነበር የምትይው።” ትንሿን አንስቶ ሰጣት። “ያንቺ ይቺ ናት። የራሷ የመብራት ገመድ አትፈልግም፣ የቪዲዮውን ሸክም ግን አንስታ ትሄዳለች።”

“ጠምደን እንያት” አሉ አያ ፈንታው። በሬ ሲገዙ ሁለት ፈር ሳያሳርሱ ብር አውጥተው አያውቁም፤ ካርድም ከዚህ አያመልጥም። ሙሀመድሰይድ ሳቀ፣ “ይሁን፣ ይጠመድ” አለ።

ኮምፒውተሩን በባጃጅ አመጡት። ሙሀመድሰይድ ፈትቶ ትንሿን ካርድ ሰካ፣ ማርታም የጎብዬውን ሰርግ ከፍታ ከውስጡ አሥር ደቂቃ ቆርጣ አስጀመረችው። ይቺው አሥር ደቂቃ በፊት አንድ ሰዓት ትፈጅ ነበር። ሦስቱም ሥራው በሄደ ቁጥር ስክሪኑ ላይ የሚሞላውን መስመር አፍጥጠው ይጠብቁ ጀመር፤ ማንም ስለ መብራቱ አላነሳም፣ መብራቱ ራሱ ሰምቶ እንዳይሄድ ብለው ይመስላል።

ቪዲዮው ጎን ለጎን ይታያል። ጭፈራው አለ፣ አጀቡ አለ። ሙሽሪት የተሳፈረችበት መኪና ሲንቀሳቀስ ሰው ሁሉ ወደ መኪናው ሮጠ፤ የማርታ ካሜራ ግን ወደ ኋላ ዞሮ አጥሩ ሥር የቆመ አንድ ሽማግሌ ላይ ቆየ። ሽማግሌው አይጨፍርም፣ አያለቅስም። መኪናውን እያየ ጋቢውን ያስተካክላል።

“ይሄ ማነው?” አሉ አያ ፈንታው።

“የሙሽሪት አባት ነው።”

“ሌላው ሁሉ መኪናውን ሲያይ አንቺ እሱን ለምን አነሳሽው?”

“ልጁ እየሄደችበት ነበራ፣ አባዬ።”

 አያ ፈንታው ዓይናቸውን ከሽማግሌው አላነሱም። በሰባተኛው ደቂቃ መስመሩ ሞላ። ሙሀመድሰይድ “አልሀምዱሊላህ” አለ፤ ማርታ ወንበሩን ይዛ ቁጭ አለች። ሙሉው ሰርግ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም ማለት ነው። ትንሿን ካርድ ገዝታ ብር ተረፋት።

ኮምፒውተሩን ወደ ሱቋ ከመለሱ በኋላ አባቷን እስከ ሮቢት ሚኒባስ ሸኘቻቸው። 

“አባዬ፣ ትልቁን ብገዛ ኖሮ ብሩ ቀልጦ ነበር። እሁድ አይደርስልኝም፣ ሮቢት እመለስልዎት ነበር።”

“አውቃለሁ።”

“እንድመለስልዎት ዝም ቢሉ ይበቃ ነበር እኮ።”

“ዝም ብዬም ነበር” አሉ አያ ፈንታው። “ምን ልዋሽሽ። ስትከራከሪ ደስ ብሎኝ ነበር የምሰማሽ። ይሄ ነገር የማይሆን ነው፣ ትመጣልኛለች፣ ቤት ውስጥ የሚያወራኝ ሰው አገኛለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ ጣቶችሽን አየኋቸው። ችግርሽን እንዳትናገሪ ያስተማርኩሽ ደግሞ እኔው ነኝ።”

 “ብቻዎን መሆንዎ እኮ ሆዴን ይበላኛል” አለች ማርታ።

“እኔንም ይበላኛል። ቤቱ ጭር ብሏል፣ አይዞሽ አልልሽም። ግን ተሸንፈሽ ከምትመጪልኝ ብቻዬን ብሆን ይሻለኛል።”

ረዳቱ “ሮቢት፣ ሮቢት” እያለ ይጣራል። አያ ፈንታው ግንባሯን ሳሟትና የሽንኩርት መድኃኒታቸውን አቅፈው ገቡ። ማርታ ሚኒባሱ ከዓይኗ እስኪሰወር አስፋልቱ ዳር ቆማ አለቀሰች፤ ሰው ቢያያትም ግድ አልሰጣት። ከዚያ ፊቷን ጠራርጋ፣ መብራት ሳይሄድ ልድረስ ብላ ወደ ሱቋ ሮጠች።