ምርቃቱ ሳያልቅ

እናቴ ትንፋሽ አጥሯት ሆስፒታል በተኛችበት ሰሞን ሆስፒታሉን ቀለም ይቀቡት ነበር። የተኛችው የሳንባ ሕመምተኞች ክፍል ውስጥ ነው። ቀለም ቀቢዎቹ መሰላላቸውን በአልጋዎቹ መሀል ተክለው ግድግዳውን ሲለቀልቁት፣ ክፍሉ በሙሉ በሳል ይናወጣል። አንደኛው ቀቢ ሽታው ራሱንም ሲያፍነው መስኮት ልክፈት ብሎ ታገለ። መስኮቱ ግን ባለፈው ጊዜ በተቀባው ቀለም ተጣብቆ ቀርቷል።

"ኧረ ሰው ትጨርሳላችሁ!" አልኩት።

"እኔ ምን ላድርግ እህቴ፣ እንግዳ ሊመጣ ነው" አለኝ ከላይ ሆኖ።

ያን ሰሞን በዚያ ግቢ ለሁሉም ነገር መልሱ ይኸው ነበር። ሽንት ቤቱ ለምን ተቆለፈ? እንዳይቆሽሽ፣ እንግዳ ሊመጣ ነው። አዲሱ አንሶላ ለምን አይነጠፍም? እንዳይጨማደድ፣ እንግዳ ሊመጣ ነው። የአስተያየት መስጫ ሳጥኑ ሳይቀር ተወልውሎ እንደ መስታወት አበራ። ቁልፉ ጠፍቶ ከተከፈተ ስንት ዘመኑ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ ግን አበራ።

እንግዳው ትልቅ ባለሥልጣን ነው፤ ሆስፒታሎችን እየዞረ ያያል ተብሏል። እኔ ለባለሥልጣን ግድ አልነበረኝም። ግድ የነበረኝ ለአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለእናቴ ትንፋሽ።

ክፍላችን ውስጥ ያለው የኦክስጅን ሲሊንደር አንድ ነው። ጎማ ባለው ብረት ላይ ታስሮ ከአልጋ አልጋ በተራ ይዞራል። አንዱ ጎማ ስለሚንጫጫ መምጣቱ ከሩቅ ይሰማል፤ ያን ድምፅ ሲሰማ በሽተኛው ሁሉ አንገቱን ያቀናል። እናቴ ደግሞ ይሉኝታዋ አይጣል ነው። ተራዋ ደርሶ ትንሽ ሳብ ሳብ እንዳደረገች፣ "በቃኝ፣ ለዚያች ልጅ ስጧት" ትላለች፤ ልጅቷ ከጎኗ ያለችው ናት።

"እማዬ፣ ኦክስጅን እኮ ነው! እንጀራ መሰለሽ እንዴ በቃኝ የምትይው?"

"ሰው እያየኝ እንዴት ብቻዬን ልተንፍስ?" ትለኛለች።

የሚያክማት ዶክተር ገና ልጅ ነው፤ እንቅልፍ ከዓይኑ ከራቀ የሰነበተ። ወደ ጥግ ወስዶኝ፣ "መድኃኒቱ እየሠራላት ነው፤ ጊዜ ብቻ ነው የምትፈልገው። ግን እስኪሻላት ድረስ ኦክስጅኑ መቋረጥ የለበትም" አለኝ።

"ታዲያ አታቋርጡባታ።"

"ከየት አምጥቼ?" አለ። ጥያቄውን የጠየቀኝ ከልቡ ነው፤ መልሱን የማውቅ መስሎት።

መልሱ የመጣው ካላሰብነው ቦታ ነው። የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ቀለሙን ሊያይ በክፍላችን ሲያልፍ እናቴ እንደ ልማዷ፣ "ደህና ዋል ልጄ፣ ያሰብከው ይሙላልህ" አለችው። ዳይሬክተሩ ቆም አለ። ከእግር እስከ ራሷ አያት፤ ሶፋ ሊገዛ የመጣ ሰው እንደሚያየው ዓይነት።

"እኚህ እናት ጥሩ ናቸው" አለ ለክፍሉ ኃላፊ፣ ሁላችንም "ሲስተር" ለምንላት ነርስ። "አፋቸው ይጣፍጣል፤ ፊታቸውም አያስደነግጥም። ክቡርነታቸው የሚያናግሩት እሳቸውን ይሁን።"

በነጋታው አዲሱ አንሶላ እናቴ አልጋ ላይ ተነጠፈ። ከዚያ አንድ ሰው ጋሪ እየገፋ መጣ። ጋሪው ላይ ነጭ የኦክስጅን ማሽን አለ፤ ሶኬት ላይ ከተሰካ ከአየሩ ራሱ ኦክስጅን እያጣራ የሚሰጥ፣ የማያልቅ። ከሌላ ሆስፒታል የተዋሱት ነው።

"እንግዶቹ እስኪሄዱ ነው" አለ ባለጋሪው ሲሰካው። "ልክ ሲሄዱ ይዤው እመለሳለሁ።"

ማሽኑ እንደ አሮጌ ፍሪጅ ማጉረምረም ጀመረ። ሲስተር ቀጭኑን ላስቲክ እናቴ አፍንጫ ላይ አደረገችላት። ጥቂት ቆይቶ የከንፈሯ ጥቁረት ለቀቀ። ትራስ ተደግፋ ቁጭ ብላ ነበር የምታድረው፤ ያን ቀን ጋደም ብላ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ኮሪደር ላይ ወጥቼ አለቀስኩ። ደስታ ነበር፤ ከሥሩ ግን ፍርሃት ነበረበት።

እንግዶቹ በተባለው ቀን አልመጡም። አስቸኳይ ስብሰባ ገብተው ነው ተባለ። ስንት ጉዳዬን በየቢሮው ደጃፍ ያስቀረብኝን ስብሰባ የሚባል ነገር በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ መረቅኩት። በማግስቱም አልመጡም። ዳይሬክተሩ ከረባቱን አስሮ በር ላይ ይቆማል፣ ሲመሽ ፈትቶ ይሄዳል። ለእንግዶቹ የተደረደሩት የአበባ ማሰሮዎች ጠወለጉና በሌላ ተቀየሩ። እኔ ደግሞ ጥግ ይዤ እጸልያለሁ፤ "ፈጣሪዬ፣ ስብሰባቸውን አርዝምላቸው። የማይስማሙበት አጀንዳ ስጣቸው። ከተስማሙም ቃለ ጉባኤው ይጥፋባቸውና እንደገና ይጀምሩት።"

እናቴ ዳነች ለማለት ገና ነበር፤ ግን ተነስታ ትቀመጥ ጀመር። ጸጉሯን አበጠርኩላት። በእኔ ላይ መቀለድም ጀመረች፤ "አንቺ፣ ይሄ ማሽን እንዳንቺ ሲነጫነጭ ይውላል፣ ግን እሱ ይጠቅማል" ትለኛለች። ዶክተሩ ጀርባዋን ሲያዳምጥ ፊቱ ፈታ ይላል። "ትንሽ ቀን ብቻ" ይላል፤ "ትንሽ ቀን ቢቆይላት።"

ባለጋሪው በየቀኑ እየመጣ ኮሪደሩ ላይ ባዶ ጋሪው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። "መጡ?" ይለኛል። "አልመጡም" እለዋለሁ። ሁለታችንም ያንኑ ሰው እንጠብቃለን፤ እሱ እንዲመጣ፣ እኔ እንዲቀር። ሻይ እየገዛሁ እሰጠው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ለደግነት አይደለም።

"ወንድሜ፣ እናንተ ጋ ይሄ ማሽን ትርፍ ነው አይደል?" አልኩት አንድ ቀን።

ሻዩን አማሰለ። "እዚያም የሚጠብቁት አሉ እህቴ" አለ።

ሌላ አልጠየቅኩትም። መስማት አልፈለግኩም።

በመጨረሻ "ነገ አይቀሩም" ተባለ። ዳይሬክተሩ እናቴን ለማለማመድ መጣ። "እናታችን፣ ክቡርነታቸው ምን ጎደለ ቢሉዎት ምን ይላሉ?"

"ምንም አልጎደለብኝም እላለሁ።"

"እንዲያ ነው! ደግሞ ምርቃትዎን እንዳይረሱ።" ጫማውን እያንኳኳ ወጣ።

እሱ ሲወጣ እኔ የራሴን ልምምድ ጀመርኩ። "እማዬ፣ ስሚኝ። የሱን ተዪው። ሰውየው እጅሽን ሲይዝ ሌላ ነገር ሳትናገሪ፣ 'ይሄ ማሽን እዚሁ ይቅርልኝ' በይው። እሱ አንዴ አዎ ካለ ከዚህ ንቅንቅ የሚያደርገው የለም።"

"ሳልመርቀው?"

"አዎ፣ ሳትመርቂው።"

"ኧረ በስመአብ! ሰው ሳይመረቅ ይለመናል? ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ ወይስ ጎዳና ነው ያሳደገሽ?"

"እማዬ፣ ሕይወትሽ እኮ ነው!"

"ቢሆንስ? ሕይወቴ ስለሆነ ነውር ይቀራል?"

ብዙ ተጨቃጭቀን በመጨረሻ ተስማማን። መጀመሪያ ትመርቀዋለች፣ ግን በአጭሩ። ከዚያ "እንግዲህ ልጄ" ብላ ትለምነዋለች። "በአጭሩ" ብዬ አስማልኳት። እሺ አለችኝ። እናቴ ውሸት አታውቅም፤ አጭር ምርቃት ግን ምን እንደሆነም አታውቅም።

በማግስቱ መኪኖቹ ግቢ ሲገቡ አስታማሚዎቹን በሙሉ ከክፍሉ አስወጡን፣ ዘበኛ በሩ ላይ ቆመ። የሚንጫጫው ሲሊንደር ዝገቱ ስለሚያሳፍር ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተደበቀ። ያቺ ከጎን ያለች ልጅ ስታቃስት ሰው ስለምትረብሽ አልጋዋን እየገፉ ወደ ጓሮ ወሰዷት። በሩ ላይ ትንሽ መስታወት አለች፤ ፊቴን ለጥፌባት ወደ ውስጥ አያለሁ። በሩ ገርበብ ስላለ ይሰማኛል።

እንግዳው ገባ። ክፉ ሰው ቢሆን ደስ ባለኝ። ፊቱ ደግ ነው፤ እናቴ አጠገብ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ፣ "እንዴት ነዎት እናቴ? የጎደለብዎ ነገር አለ?" አላት።

"ኧረ ምን ጎድሎብኝ ልጄ፣ ሁሉ ሙሉ ነው" አለች። ዳይሬክተሩ ትንፋሹን ለቀቀ። እንግዳው ምርቃት ሊቀበል ሁለት እጁን ዘረጋ።

ያኔ እናቴ አፍንጫዋ ላይ ያለውን ላስቲክ አወለቀች።

ገባኝ። በደንብ ገባኝ። ባርኔጣውን አውልቆ ሰላም እንደሚል ሰው መሆኗ ነው፤ አፍንጫ ላይ ላስቲክ ሰክቶ ትልቅ ሰው መመረቅ ለሷ ብልግና ነው። ላስቲኩ ደረቷ ላይ ወደቀ፤ ማሽኑ ለማንም ሳይሰጥ ማጉረምረሙን ቀጠለ።

"ልጄ፣ ክፉ አይንካህ።"

"አሜን" አሉ ሁሉም።

"ወጥተህ በሰላም ግባ። የወለድካቸው ለወግ ለማዕረግ ይብቁልህ።"

"አሜን።"

"በቃ እማዬ፣ በቃ" አልኩ ለራሴ። "አሁን በይው።"

"አንተን የወለደች ማሕፀን ትባረክ።" የእንግዳው ዓይን እንባ አቀረረ። "አሜን እናቴ" አለ፣ ይበልጥ ጎንበስ ብሎ። እሱ ጎንበስ ባለ ቁጥር እሷ ትጨምርለታለች፤ ልቡን ያቀረበ ሰው በአጭሩ አይሸኝማ። ሚስቱን መረቀች፣ ቤቱን መረቀች። ሹፌሩን ሳይቀር "መንገዱን ያቅናለት" አለችው። "ወንበርህን ያጽናልህ" ስትል ከኋላ የቆሙት ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አሜን አሉ፤ የዳይሬክተሩ ከሁሉ ይበልጥ ነበር።

ከንፈሯ ሲጠቁር ከመስታወቱ ወዲህ ሆኜ ይታየኛል። በየቃሉ መሀል ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ከዚያ የእንግዳውን እጅ ጠበቅ አደረገች።

"እንግዲህ ልጄ..." አለች።

ደረሰች! አፏን ከፈተች፤ አየር ግን አልመጣላትም። እንደገና ሞከረች። "እንግዲህ... ልጄ..." እንግዳው በትዕግሥት ጠበቃት። ዳይሬክተሩ ግን ሰዓቱን አየና ድምፁን ከፍ አድርጎ "አሜን!" አለ። ሁሉም "አሜን!" ብለው አጨበጨቡ።

"አልጨረሰችም!" ብዬ መስታወቱን በመዳፌ ደበደብኩት። "ገና አልጨረሰችም!"

እንግዳው ዞር ብሎ አየኝ። ፈገግ ብሎ እጁን አውለበለበልኝ።

ሲወጡ ዘበኛው ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ያዘኝ። እንግዳው ለዳይሬክተሩ ሲነግረው ሰማሁት፤ "እውነቱን ለመናገር፣ አዲስ የገቡትን የኦክስጅን ማሽኖች ለእናንተ ነበር ያሰብናቸው። እናንተ እንዲህ ከተሟላላችሁ ግን ለጎደለው እንስጠው።" ዳይሬክተሩ ከረባቱን ነካካ። አሁን እንኳ ይናገራል ብዬ ጠበቅኩት። "ትክክለኛ ውሳኔ ነው፣ ክቡርነትዎ" አለ።

"ጌታዬ! ማሽኑ የውሰት ነው!" ብዬ ጮህኩ። የመኪኖቹ ሞተር ተነስቶ ነበር።

ሮጬ ስገባ ሲስተር ላስቲኩን መልሳላት ነበር። እናቴ ግን ያን ሁሉ ቀን ያጠራቀመችውን ትንፋሽ አሟጥጣዋለች፤ ዓይኗን ጨፍና በአፏ ትስባለች። ባለጋሪው በር ላይ ቆሞ አየን። "እስቲ መጀመሪያ ምሳዬን ልብላ" አለና ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠ። እንደዚያ ቀስ ብሎ ዳቦ የሚበላ ሰው አይቼ አላውቅም። ፍርፋሪውን ሁሉ አንድ በአንድ ከጉልበቱ ላይ ለቀመ። ከዚያ ስልኩ ጮኸ። ሰማ፣ ሰማና "እሺ፣ መጣሁ" አለ።

"እህቴ..." አለኝ።

ልረግመው ፈለግኩ፤ ምላሴ እምቢ አለኝ። እዚያም የአንድ ሰው ልጅ መስታወት ላይ ፊቷን ለጥፋ እየጠበቀችው ይሆናል። "ውሰደው" አልኩት። ሲነቅለው ማጉረምረሙ ቆመ፣ ክፍሉም ጭር አለ። ልጅቷን ከጓሮ መለሷት። አዲሱንም አንሶላ ሊወስዱ መጥተው ነበር፤ ሲስተር "ይሄን እንኳ ተዉላት!" ብላ ጮኸችባቸው።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ዓይኗን ገለጠች። "አላስጨረሰኝም እኮ" አለችኝ፤ በየቃሉ እያረፈች።

"አውቃለሁ እማዬ።"

"አንዲት ምርቃት... ብቻ ነበር የቀረችኝ። ከዚያ... ልለው ነበር።"

"አውቃለሁ። አትናገሪ፣ አትድከሚ።"

ከኮሪደሩ የሲሊንደሩ ጎማ ተንጫጫ። ወደ እኛ ሲደርስ ሲስተር ላስቲኩን አደረገችላት። እናቴ አንድ ሁለት ጊዜ ሳብ አደረገችና በእጇ ወደ ጎን አመለከተች።

"በቃኝ" አለች። "ለዚያች ልጅ... ስጧት።"

"አልበቃትም!" አልኩ። "ሲስተር፣ አትስሚያት፣ አልበቃትም!"

ሲስተር ልጅቷን አየች፣ እናቴን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ላስቲኩን ከእናቴ አፍንጫ ላይ አወለቀች። ሲሊንደሩ እየተንጫጫ ወደ ቀጣዩ አልጋ ሄደ። ዞሮ ሲመለስ እናቴ አልጠበቀችውም።