የቢጫው ዓሣ ድንጋይ

ወንድምአገኝ ሲክሊድ የሚባሉ፣ ዘራቸው የተለያየ የቆሮሶ ዓሣ ዘመዶች ከአዲስ አበባ አምጥቶ ሞላሌ ከተማ ባለው ሳሎኑ ውስጥ በመስታወት ገንዳ አኖራቸው። ምን ያደርጋል! ቢጫው ትልቁን ድንጋይ ይዞ ሌሎቹን መግቢያ መውጫ አሳጣቸው።

ጥግ ላይ የተኮራመቱት ሰማያዊዎቹ ዓሦች የሚስቱን የእስከዳርን አንጀት በሏት። እሷም ብትሆን አማቷ ወይዘሮ አማከለች ለጥየቃ መጥተው ከሰነበቱ ወዲህ፣ በገዛ ጓዳዋ ማማሰያ ለማንሳት ፈቃድ ጠያቂ ሆናለች።

«ምን ያስጨንቃችኋል?» አሉ የጓሳ አገር ሰው የሆኑት አማከለች። «የጓሳ ሣር ተዘግቶ ከርሞ ለአጨዳ ሲከፈት ሁሉም በአንድ ቀን ነው የሚገባው። ቀድሜ ይዣለሁ ብሎ ነገር የለም። ድንጋዩን አዘዋውሩት!»

አዘዋወሩት። ቢጫው ርስቱን ሲፈልግ ዋለ፤ ለጠብ ጊዜ አጣ። አማከለች ሳቃቸውን ለቀቁት።

እስከዳርም ሳቀች። በማግስቱ አማቷ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ የጓዳውን ዕቃ ከላይ እስከ ታች አዘዋወረችው።

አማከለች ተመልሰው ወጥ ሊጥዱ ገቡ። አንዱን ጣሳ ከፈቱ፤ ሽሮ ነው። ሌላውን ከፈቱ፤ ምስር ነው። ብቅ ብለው ገንዳውን አዩት፤ ምራታቸውንም አዩአት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«እስኪ ልጄ፣ ጨው የት ነው?» አሉ።