አንዷ ቡሎን

ጥዑመልሳን ግትር ሰው ነው። ይህን የምለው ወዳጁ ስለሆንኩ ነው። እሱ ቡሪ ሰፈር ወንዙ ዳርቻ ላይ ጀልባ ይነዳል፣ ሲበላሽም ይጠግናል፤ እኔ ምንዳዬ ተሳፋሪ እጠራለሁ። ጦርነቱ ድልድዩን ከዘጋው ወዲህ ማዶ ወዳለው ባሕሪ ሰፈር የሚያሻግረን ጀልባ አንድ ብቻ ቀርቷል፤ እሱም በሽተኛ ነው።

ያን ሰሞን የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ ማፍሰስ ጀመረ። ጥዑመልሳን የውሃ ፖምፓውን ክዳን ፈትቶ፣ ውሃ እንዳያልፍ የሚያሽገውን የተበላ ጓርኒሲዮን በቢላ ፋቀ። ሱቁ ሁሉ ተዘርፎ አዲስ ስለማይገኝ ከወፍራም ካርቶን ቆርጦ፣ ግሪስ ቀብቶ ገጠመለት። ውሃው ቆመ። ግን ሲንጠባጠብ የከረመው ማሳው ላይ ነበር፤ ማሳ የምንለው የባትሪውን ኔጌቲቭ ከሞተሩ ብረት ጋር የሚያገናኘውን ወፍራም ሽቦ ነው። ጫፉ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። እንዲያ ሆኖ ከተሄደ ሞተሩ ወንዙ መሀል ይጠፋል፤ ወንዙ መሀል የቆመ ጀልባ ደግሞ ለተኳሽ ሲሳይ ነው። ማሳውን ሳይነካው መሸ።

በማግስቱ ጠዋት ሀኒፋ ከአል-ጣኢፍ ሰፈር በእግሯ መጣች። የወሎ ልጅ ናት፤ እዚያ ሰው ቤት ትሠራለች። እህቷ ዘሃራ ባሕሪ ውስጥ ብቻዋን ምጥ ይዟታል።

"ጋሼ ጥዑመ፣ ደወለችልኝ። ያላ፣ ቶሎ አሻግረኝ!"

ጥዑመልሳን መፍቻውን አላነሳም። "ዛሬ ሚካኤል ነው ልጄ። ጥይት ቤቴን በስቶት ሲያልፍ፣ በቀኑ ሥራ አልነካም ብዬ ተስያለሁ።"

"ወላሂ አብደሃል!" አልኩት። "አንዷን ቡሎን ፈተህ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትገህ መልሶ ማሰር እኮ ነው! ሚካኤል ራሱ ይታዘብሃል!"

መፍቻውን እኔ ላነሳ ጎንበስ ስል እጄን የያዘችኝ ራሷ ሀኒፋ ናት።

"ተወው ምንዳዬ። እናቴ እስላም ሆና በሚካኤል ቀን እህል አትፈጭም ነበር። ተስሏል አይደል? የመጀመሪያ ምጥ ይቆያል። ቡክራ፣ ነገ በጠዋት፣ ኢንሻአላህ።"

ይህን ስትል ወንዙን እንጂ እኛን አታይም ነበር።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ማሳው ተፈትጎ፣ ነጭ ብረቱ ወጥቶ ታሰረ። ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። አንድም ጠብታ አላፈሰሰም፣ አንዴም አላንገራገረም። እንዲያ አምሮበት ሠርቶ አያውቅም፤ እኔን አናደደኝ።

ባሕሪ ስንደርስ ግን ዘሃራን ጎረቤቶቿ ማታውኑ ከነልጇ ቀብረዋታል። ሀኒፋ ወደ ጀልባው ስትመለስ አላለቀሰችም።

"ቀኑን ሙሉ ስሜን ስትጠራ ነበር አሉኝ" አለችን።

ጥዑመልሳን ጀልባውን ወደ ቡሪ አዞረ። እኔም የስድብ መዓት አዘጋጅቼ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ገመድ መጠቅለል ጀመርኩ።

በወሩ የሚካኤል ዕለት ወደ ዳርቻው ስወርድ ጀልባው ላይ አጎንብሶ አገኘሁት። ንጹሑን ማሳ ፈትቶ ይፈትጋል። ሀኒፋ ከኋላዬ መጣች።

"ጋሼ ጥዑመ፣ ዛሬ ሚካኤል አይደል?"

"ነው" አላት፤ ቀና አላለም።

አጠገቡ ተቀመጠችና ሽቦውን ያዘችለት።