የጠላቂው ጆሮ

እኔ ሩቅያ ሰው ፊት መቆም አልፈራም። ወሎ ተወልጄ ከሰባት እህትና ወንድም ጋር እየተጋፋሁ ያደግኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን የተተኮሰ ልብስ ታቅፌ የሙንተሀ ክፍል በር ላይ ስቆም ፈራሁ።

ሙንተሀ ዐረብ አገር ተቀጥሬ የምሠራላት የማዳም ልጅ ናት፤ አምስተኛ ክፍል። በኮሮናው ምክንያት ትምህርቱ ሁሉ ላፕቶፕ ላይ ሆኗል፤ ከዐሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮም ሰዓት እላፊ ነው። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ሳይንስ ወድቃለች። የዚያን ዕለቱ የሳይንስ ፈተና በቃል ነው፤ መምህሯ አብላ ዙበይዳ ካሜራ አስከፍታ ፊት ለፊት ትጠይቃታለች። አሁንም ከወደቀች ክፍል ትደግማለች።

አንቺን ምን አገባሽ ትሉኝ ይሆናል። አገባኝ እንጂ። ልጅቷ የወደቀች ጊዜ ማዳም ጥፋተኛ ስትፈልግ ያገኘችው የተረትና የታሪክ መጽሐፎቿን ነው። «ጭንቅላቷን የሞላው ይሄ ነው» ብላ ሁሉንም ካርቶን አስከተተችኝና ጣሪያ ላይ ያለው ዕቃ ቤት አስቆለፈችኝ። «አንዱን እንኳ ወርዶ ባየው፣ ያወረደውን ሰው ወደ መክተብ እመልሰዋለሁ» አለች። ያወረደው ሰው ማለት እኔ ነኝ፤ ቁልፉን የምይዘው እኔ ብቻ።

መክተብ ለቤት ሠራተኝነት ከአገር ያስመጣን ቢሮ ነው። ጎረቤት ትሠራ የነበረችው ሀረገወይን ወደዚያ ተመልሳ ወር ሙሉ ወለል ላይ ስትተኛ ከረመች፤ ከዚያ ማህቡላ የሚባል ሰፈር ዐሥራ አንድ ሰው ያለበት ቤት ሰጧት። አገሬ ልግባ እንዳትል አውሮፕላኑም እንደ ልብ አይገኝም። እኔ እዚህ ሙባረክ አል-ከቢር ሁለት ዓመት በሰላም ኖሬያለሁ። ይህን ቤት ማጣት አልፈልግም ነበር።

ታዲያ መጽሐፉን ለምን አወረድኩ? ልጅቷ አንጀቴን በላችው። አስጠኚዋ የላከላትን ማጠቃለያ ወረቀት ይዛ ቀኑን ሙሉ ታነበንባለች። «የፈሳሽ ግፊት ከጥልቀት ጋር ይጨምራል፣ የፈሳሽ ግፊት ከጥልቀት ጋር ይጨምራል።» ምን ማለት ነው ብላት፣ «እንዲህ ነው የተጻፈው» አለችኝ። ኧረ ወዲያ፣ ይሄም ትምህርት ሆኖ።

አንድ ቀን ሩዝ ላመጣ ጣሪያ ስወጣ ከካርቶኑ የላይኛውን መጽሐፍ አንስቼ ቀሚሴ ውስጥ ወሸቅኩት። የዕንቁ ጠላቂዎች፣ ባሕር ወርደው ዕንቁ የሚለቅሙ ሰዎች፣ ታሪክ ነው። የልጆች ስለሆነ ሐረካው፣ ማለት ከፊደሉ ላይና ታች የሚደረገው ምልክት፣ ልክ እንደ ቁርኣን አንዱም አልጎደለም። እኔ ደግሞ ልጅ ሆኜ ቁርኣን ቀርቻለሁ፤ ንባቡን ሸኻችን ዘንድ ተምሬያለሁ። ትርጉሙን አትጠይቁኝ እንጂ ፊደሉን አንደረድረዋለሁ። ሙንተሀ ልብስ የምተኩስበት ክፍል ገብታ ሳለ ካውያዬን አቆምኩና የመጀመሪያውን መስመር ሸኻችን እንዳስቀሩን በዜማ ለቀቅኩት። ሙንተሀ ሆዷን ይዛ ሳቀች። የልጆች ታሪክ በዚያ ዜማ ሲነበብ ሰምታ አታውቅማ።

«እሺ አንቺ ዐዋቂዋ፣ ምን ይላል?» አልኳት።

ከዚያ ወዲያ እኔ እየተኮስኩ አነባለሁ፣ እሷ በቀላል ዐረብኛ ታስረዳኛለች። ጠላቂው እግሩ ላይ ድንጋይ አስሮ ይወርዳል፤ ገመዱን ጀልባው ላይ ያለ ጓደኛው ይይዛል። በወረደ ቁጥር ጆሮው ይብስበታል። «ለምን?» አልኳት፤ የእውነቴን አላውቅማ። እሷም ካጣጠፍኩት ብርድ ልብስ አንድ በአንድ እያነሳች ጀርባዬ ላይ ቆለለችው።

«አየሽ? ከላይሽ ያለው ነው የሚከብድሽ። እሱም ወደ ታች በሄደ ቁጥር የሚሸከመው ውሃ ይበዛል» አለች። ብርድ ልብሱን መልሶ ማጠፍ ለእኔ ተረፈ። ነገሩ የገባት ግን ያኔ ነው፤ ለእኔ ስታስረዳ ለራሷ ገባት።

«እናትሽ መጽሐፉን ማን አወረደው ብላ ብትጠይቅሽስ?» አልኳት።

«ወላሂ አልናገርም» ብላ ማለችልኝ።

እንግዲህ ፈተናው ተጀመረ። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት አልፏል። ማዳም ከልጇ ጎን ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች። የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች ከወረቀቱ ነበሩ፤ ሙንተሀ እንደ ውሃ አንቆረቆረችው።

«አሁን ከወረቀቱ ውጪ» አለች አብላ ዙበይዳ። «አንድ ጣሳ ጎኑን ሁለት ቦታ በሳሁት፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች። ከዚያ ውሃ ሞላሁት። ውሃው በኃይል የሚፈናጠረው ከየትኛው ነው? ለምን?»

ሙንተሀ ድርቅ አለች። የማዳም መቁጠሪያም ቆመ። ወረቀቱ ላይ ስለ ጣሳ የተጻፈ ነገር የለም። ከዚያ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ጆሮዬን ባቆም የምታንጎራጉረው የእኔን ዜማ ነው። ቀና ብላ በሩ ላይ አየችኝ።

«ከታችኛው» አለች። «የታችኛው ቀዳዳ ብዙ ውሃ ተሸክሟል። ጠላቂው ታች ሲደርስ ጆሮውን የሚያመው በዚያ ነው።»

አብላ ወደ ካሜራው ጠጋ አለች። «በሩ ላይ ማን አለ?» ብላ ጠየቀች።

«ማንም።»

«ሙንተሀ፣ ስታንሾካሽኪ ሰምቻለሁ፤ ወደዚያ ስታዪም አይቻለሁ። ስለ ጠላቂ ያስተማርኩት ነገር የለም። መልስ የሚያቀብልሽ ሰው አለ። ከየት እንዳመጣሽው ካልነገርሽኝ ዜሮ ነው የምሰጥሽ።»

«ንገሪያት» አለች ማዳም።

ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ዝም። እንባዋ ላፕቶፑ ላይ ይንጠባጠባል። ለእኔ የማለችውን እየጠበቀች ነው። አልዋሻችሁም፣ ለአፍታ የመክተቡ ወለል ታየኝና እኔም ዝም ልል አሰብኩ። ወዲያው በራሴ ደሜ ፈላ። የዐሥር ዓመት ልጅ በእኔ ፈንታ ክፍል ልትደግም ነው።

ልብሱን ወለሉ ላይ ጥዬ ሄድኩና መጽሐፉን ከአንሶላዎቹ ሥር መዝዤ ተመለስኩ። ካሜራው ፊት ቆምኩ። ማዳምን ዞሬ አላየኋትም።

«አብላ፣ ያቀበላት ሰው የለም። ከዚህ ነው ያገኘችው» አልኩና ገጹን ገልጬ አነበብኩ። ቀስ በቀስ ዜማው ያዘኝ። ጠላቂው ጆሮውን ይዞ ገመዱን እስከሚነቀንቅበት ድረስ አነበብኩላት።

አብላ አልሳቀችም። «ትርጉሙን ታውቂዋለሽ?» አለችኝ።

«እሷ ናት ያስረዳችኝ። በብርድ ልብስ።»

«በብርድ ልብስ? በይ ሙንተሀ፣ ለእኔም አስረጂኝ።»

አፍንጫዋን እየሳበች አስረዳች፣ አንድም ሳታስቀር። አብላ «ሙሉ ነጥብ» ብላ ዘጋች።

ማዳም እጇን ዘረጋች። «ቁልፉን» አለች፤ ሰጠኋት። «መጽሐፉንም።» እሱንም ሰጠኋት። ሰዓቷን አይታ፣ «ሰዓት እላፊው ገብቷል፤ ዛሬ የትም አይኬድም» አለችኝ። ነገ ወደ መክተብ ትመልሰኛለች ማለት ነው ብዬ ወጣሁ። ኩሽና ገብቼ ሽንኩርት እየከተፍኩ አለቀስኩ፤ ያስለቀሰኝ ሽንኩርቱ አልነበረም።

የመግሪብ ሶላት ካለፈ በኋላ ማዳም መጽሐፉን ይዛ ኩሽና በር ላይ ቆመች።

«አያቴ ጠላቂ ነበር» አለች። «ጆሮው አይሰማም ነበር። እኛ የልጅ ልጆቹ ከኋላው እየጮኽን እንስቅበት ነበር። ለምን እንደማይሰማ እስከ ዛሬ ማንም አስረድቶኝ አያውቅም።»

ቢላዋዬን አስቀመጥኩ። እሷ ቁልፉን ሽንኩርቱ አጠገብ አስቀመጠችና በርጩማውን ስባ ተቀመጠች። ሙንተሀም ከኋላዋ ብቅ አለች።

«ካቆምሽበት ቀጥዪ» አለችኝ ማዳም መጽሐፉን እየዘረጋችልኝ። «በዚያው በዜማሽ።»

እጄን ታጥቤ ተቀበልኳትና ጠላቂው ገመዱን የነቀነቀበትን ገጽ ገለጥኩ።