ሁለት ጾም በአንድ ወፍጮ ቤት

መርሳ ላይ፣ ከዋናው አስፋልት ዳር ያለውን አሮጌ ወፍጮ ቤት ዘይነባ ምግብ ቤት ላደርገው ነው ብላ ስትከራየው ያልሳቀባት አልነበረም። ለነገሩ ቤቱ ራሱ ያስቃል። ቆርቆሮው ተበሳስቶ ወንፊት ሆኗል። ጣሪያው ሥር የሌሊት ወፍ ወልዶ ከብዶ ይኖራል። መሀል ወለሉ ላይ ደግሞ ድሮ ሞተሩ የተተከለበት የሲሚንቶ መደብ ተገትሯል፤ በመዶሻ ቢሉት በድጅኖ ንቅንቅ አይልም። የስንት ዘመን ዱቄት ግድግዳው ውስጥ ሰርጾ ስለነበር ዛሬ የተቀባ ቀለም ነገ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ ይወድቃል።

ዘይነባ ግን ሳቅ የሚመልሳት ሴት አይደለችም። ወልድያ ሆቴል ቤት ለሰው ስትቀቅልና ስትጠብስ ፀጉሯ ሸብቷል። በሕይወቷ የቀራት ምኞት አንድ ነው፤ የራሷን ድስት በራሷ ቤት መጣድ። ሸሪኳ ጥሩወርቅም እዚያው ሆቴል አብራት የኖረች ናት። ዘይነባ የሙስሊሙን ሥጋ፣ ጥሩወርቅ የክርስቲያኑን ሥጋ እየሠሩ፣ ሽንኩርትና ወሬ ሲዋዋሱ ነው ያረጁት።

የቤቱ ባለቤት ጋሽ ሞላ ንግግር አያበዙም። “እስከ የካቲት መጨረሻ ከፍታችሁ ካየሁ ቤቱ የእናንተ ነው። ካልሆነ ሲሚንቶ ላከማችበት እያለ ደጅ የሚጠናኝ ነጋዴ አለ፤ ቁልፉን ለሱ ነው የምሰጠው” አሏቸው። ይህን የተናገሩት በኅዳር ነው። በኅዳር ደግሞ የካቲት ሩቅ አገር ይመስላል።

ሥራው ሲጀመር ግንበኛው ማሩ ግድግዳውን ሲፍቅ፣ ሁለቱ ሴቶች ዱቄቱን ሲጠርጉ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ አንገቱን እያስገባ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። “የማን ምግብ ቤት ነው? የእስላም ነው የክርስቲያን?” የሁለታችንም ነው ሲሉት ራሱን ይነቀንቃል። እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ነውር የለበትም። በዚያ አገር ሰርግ ሲደገስ ለሁለቱም ለየብቻው ይታረዳል፣ ድስቱም ለየብቻው ይጣዳል። ነገር ግን ጥያቄው ሲደጋገም ሴቶቹ ፈሩ። ከጓዳ ሁለት ማብሰያ አሠሩ። ያ አልበቃ ብሎ አዳራሹንም ለሁለት የሚከፍል ግድግዳ፣ በሩንም ሁለት እንዲያደርገው ማሩን አዘዙት። ማሩም ያንኑ የማይነቃነቅ መደብ መሠረት አድርጎ ብሎኬቱን ደረደረ። ያ ግድግዳ የሰው አፍ የሠራው ግድግዳ ነበር።

የሁዳዴ ቅበላ ሰሞን ሁለቱ ለመክፈቻው ሥጋ ሊያዝዙ ተቀመጡ።

“ዘይኑ፣ የእናንተን በሬ ተለቅ አድርጊው” አለች ጥሩወርቅ። “ስንከፍት የእኛ ሰው ሁዳዴ ላይ ነው፣ ሥጋ አይነካም። እኔማ ቀኑን ሳውቅ ባንቺ ሰዎች ተማምኜ ነው ዝም ያልኩት።”

ዘይነባ ዓይኗ ፈጠጠ። “እኔ ደግሞ የእናንተን ተለቅ አድርጊ ልልሽ ነበር። ረመዳን እኮ ጨረቃዋን ነው የምንጠብቀው። የእኛ ሰው ቀን አይቀምስ፣ ማታ የሚያፈጥረው ቤቱ። ባንቺ ሰዎች ነው የተማመንኩት።”

የተማመኑበት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚባለው ይሄ ነው። ሁዳዴም ይዘዋወራል፣ ረመዳንም ይዘዋወራል፤ ዘንድሮ ደግሞ ሁለቱ ተገጣጠሙ። እያንዳንዷ የራሷን ጾም አውቃ፣ ጓደኛዬን አላስጨንቃት ብላ በይሉኝታ ታፍና፣ ሸክሙን በልቧ ለሌላዋ ስታሸክም ከርማለች። መሰላል ላይ የነበረው ማሩ ሳቁ አምልጦት የግንበኛ ማንኪያውን ከነሲሚንቶው ጣለው። ሴቶቹም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ሳቁ ሲያልቅ ግን ዘይነባ ነገሩን አሰበችው። ለባዶ ወንበር ምግብ ቤት አይከፈትም፣ ካልተከፈተ ደግሞ ሲሚንቶው ይገባል፣ እሷም ተመልሳ የሰው ምድጃ ሥር ነው። ቀና ስትል ዓይኗ ጥግ ላይ የተደረደሩትን አዲስ ድስቶች አየ።

“ጥሩዬ” አለች፣ “እነዚህ ድስቶች የማንንም ሥጋ ነክተው አያውቁም።”

“እና?”

“በጾም የምንሠራው ሽሮና ምስር ነው። ለሽሮ ማን ባረከው ተብሎ አይጠየቅም። ባንድ ድስት ሠርተን ፀሐይ ስትጠልቅ ብንከፍት ያንቺም ሰው ይበላል፣ መንገድ ላይ የመሸበት የኔም ሰው ያፈጥራል።” ወደ ግድግዳው ዞረች። “ይሄ ታዲያ ምን ይሠራልናል?”

“ፋሲካና ዒድ ሲመጣስ?” አለ ማሩ፣ የሚመጣበት ገብቶት።

“ያኔ ሥጋው በሁለት ጓዳ ይሠራል። ሰው ግን አብሮ ይቀመጣል። ሰርግ ቤት ግድግዳ አይተህ ታውቃለህ?”

ማሩ መዶሻውን አነሣ። “ወገቤን ሰብሬ ከመገንባቴ በፊት ብትመካከሩ ምን ነበር” እያለ፣ ሲያጉረመርም ሲስቅ፣ ግድግዳውን እስከ መደቡ አፈረሰው። መደቡም ድስት ማሳረፊያ ሆነ።

የካቲት ሊያልቅ ሲል ከፈቱ። ጠብታ ቅቤ የሌለበት ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ የምስር ሳምቡሳ፣ ቴምርና የመርሳ ፓፓያ ተሰናድቷል። ጋሽ ሞላ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጥተው በሩ አጠገብ ተቀመጡና ባዶውን አዳራሽ ቃኙት።

“ተከፈተ የምትሉት ይሄ ነው?”

“ትንሽ ይታገሱኝ ጋሽ ሞላ” አለች ዘይነባ። የተከደኑትን ድስቶችም ደግማ ከፍታ አየች።

መጀመሪያ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ የጭነት መኪና ሹፌር ገባ። ጥሩወርቅ ሽሮውን እንደተንተከተከ አቀረበችለት። ወዲያው ሁለት የባጃጅ ነጂዎች መጥተው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡና አዛኑን መጠበቅ ጀመሩ። ሹፌሩ እጁን ሰበሰበ።

“ብላ እንጂ፣ ያንተ ሰዓት አልፏል” አለችው ጥሩወርቅ።

“ይደርሳል።”

“ብላ ወንድሜ፣ እኛን አይከብደንም” አለ አንደኛው ባለባጃጅ።

“እኔን ይከብደኛል” አለ ሹፌሩ፣ ሽሮው እየቀዘቀዘ።

ዘይነባ ከመደቡ ጀርባ ቆማ ይህን ሰማች። ጋሽ ሞላም ሰምተው ዞር አሉ፤ ሰውዬውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

አዛኑ ሲሰማ ቴምሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ለሹፌሩም ደረሰው። ከዚያ በኋላማ ማን ቆጥሮ። ከወልድያ የመጣ ሚኒባስ መንገደኞቹን አራገፈ። ከሲሪንቃ ከሥራ የሚመለሱት ገቡ። የሠፈሩ ሴቶች ሳምቡሳ ለቤታቸው ሊወስዱ በር ላይ ተሰለፉ። ሰው በመጣ ቁጥር የተቀመጠው እየተጠጋጋ ቦታ ይለቅ ነበር።

ጋሽ ሞላ አፍጥረው፣ ሽሯቸውን አጣጥመው ሲያበቁ ስልካቸውን አወጡ። “ያ ቤት… አዎ። ለሲሚንቶህ ሌላ ፈልግ። የለም፣ ሰው ገብቶበታል።”

ዘይነባ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ደስታ ነው ያስለቀሳት፤ ለጥሩወርቅም እንደዚያው ነገረቻት። ጥሩወርቅ “አልቅሺ፣ ይገባሻል” ብላ እሷም ተከተለች። ፊታቸውን ጠርገው ወጥተው መደቡ ላይ ያሉትን ድስቶች ቢከፍቱ ግን ለራሳቸው አንድ ማንኪያ እንኳ አልተረፈም። ሁለቱም ከንጋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም።

ሹፌሩ ባዶውን ድስት ሲያገላብጡ አያቸው። አዲስ ከቀረበለት ትሪ ላይ እጁን አንስቶ፣ ከባለባጃጆቹ ጋር ወደ ዳር ተጠግቶ ቦታ ለቀቀላቸው።

“እናንተስ? ኑ፣ እንብላ እንጂ” አለ።

ዘይነባ በገዛ ቤቷ፣ በእንግዳ ግብዣ፣ ከጥሩወርቅ ጎን ተቀመጠችና “ቢስሚላህ” ብላ ቆረሰች።